ሐረግና ንዝረት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰንበቴ፥ እሑድ እሑድ ደገኛው ከተራራው ወርዶ፥ አፋሩም ግመሉን እየሳበ ከቆላ ወጥቶ ከአገሬው ኦሮሞ ጋራ በሚገበያይበት ገበያ፥ ለመሰንቆ የሚሆነኝን የፍየል ቆዳ ስመርጥ፥ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ በቆዳው ላይ ባዶ የምተወው ስፍራ ነው።

መሰንቆ ፊቱና ጀርባው በቆዳ ተለብጦ በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር የሚናገር መሣሪያ በመሆኑ፥ በደጋኑ የተነሣው ንዝረት አውታሩን በሚደግፈው በርኩማ በኩል ወደዚያው ቆዳ ይወርዳልና፥ በመካከሉ የዘይት ቀለም የተለቀለቀበት እንደ ሆነ ዝናም እንዳገኘው ጋቢ ይከብድና ድምፁ ይታፈናል። በጠርዙ ግን ቆዳው ከእንጨቱ ጋራ ተጣብቆ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፥ መስቀሉንና ሐረጉን ወደ አራቱ ማዕዘን ገፍቼ፥ በቀጭን ሙጫ በተበጠበጠ ቀለም እሥላለሁ። በበገና ላይ ከዚህም ይልቅ ቁጥብ ነኝ፤ ዐሥሩ አውታር በዐሠርቱ ቃላት የሚመሰልለትን ይህን ንዋየ ማኅሌት በቀለም ማድመቅ ድፍረት ይመስለኛል፥ በቀንበሩና በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ የሚፈለፈለው ቅርጽ ይበቃዋል።

ከፒያኖ በፊት በአውሮፓ የገነነው፥ ቁልፉ ሲነካ አውታሩ በላባ ዘንግ ጫፍ የሚነዘረው ሃርፕሲኮርድ የተባለው መሣሪያ ግን ሥዕሉን የሚሸከመው ድምፅ በሚወጣበት በስሱ ሳንቃ ላይ ነው። በአንትወርፕ ከተማ ስመ ጥር የሃርፕሲኮርድ ሠሪ የነበረው ሐንስ ሩከርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1579 የገባው ወደ ሰዓልያን ማኅበር ነበር፤ የማኅበሩም ጠባቂ፥ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው ቅዱስ ሉቃስ ነው። በሩከርስ ቤት ሳንቃው በአበባ፥ በወፍና በነፍሳት ሥዕል ይሸፈን ነበር፤ በድምፅ መውጫው ቀዳዳም ላይ በገና የሚደረድር መልአክ በወርቅ ተቀብቶ ይቀመጥ ነበር። ሳንቃው ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዳይደነቁር ያደረገው በውሃ የቀጠነ የሙጫ ቀለም መሆኑን ሳስብ፥ ሩቅ አገር ያለ የሙያ ወንድም ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል።

በ18ኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ጠቢባን የሩከርስን መሣሪያዎች ሲያሰፉ፥ በተጨመረው ሳንቃ ላይ ከቀድሞው የሚመሳሰሉ አበቦችን ይሥሉ ነበር። የእኛ ቆዳ ግን ሲቀደድ ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል። ባለ መሰንቆው የቀድሞውን ሐረግ መልስልኝ ሲለኝ፥ አሮጌውን ቆዳ ፊቴ ዘርግቼ መሥመሩን እቀዳለሁ፤ የገበያው ቀይ ቀለም ግን በፀሐይ ቶሎ የሚነጣ ስለ ሆነ፥ ከቀድሞው ጠቆር አድርጌ እቀባዋለሁ።