የሊቃውንቱ እጅ ሥራ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከአንድ ቤት ወጥተው እሑድ ጠዋት ወደ ተለያየ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ዘመዳሞች ጥቂት አይደሉም። እዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ክርክር ከቡና ጋር ይቀርባል። ስለ ጥምቀትና ስለ ምልጃ የሚደረገው ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻል፤ የሁለቱም ወገን መልስ አስቀድሞ ይታወቃልና። ጨዋታው የሚደምቀው ዘፍጥረት 6 ሲነሣ ነው። የሰውን ሴቶች ልጆች አይተው ያገቡት «የእግዚአብሔር ልጆች» እነማን ናቸው? መላእክት ናቸው እንዳይባል፣ ጌታ በማቴዎስ 22 የሰማይ መላእክት እንደማያገቡ አስተምሯል። ሰዎች ናቸው እንዳይባል፣ ስለ ምን እንዲህ ባለ ከፍ ያለ ስም ተጠሩ? ልጆቻቸውስ እንዴት ግዙፋን ሆኑ?

እኔን የሚማርከኝ ማን እንደሚረታ አይደለም። የአንድምታ፣ ማለትም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ የሠሩት መልስ እንዴት ተደርጎ እንደተሠራ ነው።

በመጀመሪያ የገጠማቸውን ችግር እንይ። አውግስጢኖስም ዮሐንስ አፈወርቅም እነዚያ ሰዎች የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ብለዋል። አውግስጢኖስ ግን መጽሐፈ ሄኖክን ከቀኖና ውጭ ነው ብሎ ወደ ጎን ማድረግ ይችል ነበር፤ አደረገውም። ለእኛ ሊቅ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሄኖክ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ከዚያም አልፎ ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ነው፤ አውሮፓ ያገኘው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ ከሄደ በኋላ ነው። ይኸው ሄኖክ ደግሞ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ፣ ተማማሉ፣ ሚስት አገቡ ይላል፤ የአለቆቻቸውንም ስም ይዘረዝራል። የይሁዳ መልእክት ሄኖክን በስሙ ይጠቅሳል። ስለዚህ ሊቁ ከወንጌሉም ከሄኖክም ሳይለቅ ሁለቱን ማስታረቅ አለበት።

መልሱ ተራራ ነው። ደቂቀ ሴት ለገነት በቀረበ በደብረ ቅዱስ ይኖሩ ነበር። የመላእክትን ምስጋና ይሰማሉ፤ አብረው ያመሰግናሉ፤ በንጽሕና ይኖራሉ። ከኑሯቸው የተነሣ መላእክት፣ የእግዚአብሔርም ልጆች ተባሉ። ከተራራው በታች የቃየል ልጆች አሉ። ገድለ አዳም እንደሚተርከው ጌኑን የተባለው ሰው ከሰይጣን የዜማ ዕቃ መሥራት ተምሮ ይጫወት ጀመር፤ ድምፁም ሽቅብ ተሰማ። የላይኞቹ ዘፈኑን ሰሙ፣ ሴቶቹን አዩ፣ ወረዱ። በኋላ ለመመለስ ቢሞክሩ የተራራው ድንጋይ እሳት ሆነባቸው።

እጅ የሚያስነሣው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከጥንቱ ታሪክ አንድም ግሥ አልተነቀለም። መውረድ አሁንም መውረድ ነው፤ ከፍታው፣ መማለሉ፣ መውደቁ፣ መመለስ አለመቻሉ ሁሉም በየቦታው አለ። የተለወጠው የወራጆቹ ማንነት ብቻ ነው። ሄኖክ አልተሻረም፤ ወንጌሉም አልተነካም።

ይህን የመሰለ ሥራ በአንድ ሰው አእምሮ በአንድ ጀምበር አልተሠራም። በመጻሕፍት ቤት ተማሪው ግእዙን ያነብባል፣ የኔታ ይተረጉማሉ፣ ተማሪዎቹ የሰሙትን ይቀጽላሉ። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ በተከፈለው በዚህ ትምህርት ትርጓሜው ለዘመናት የኖረው በቃል ነው። በጎንደር ዘመን መምህር ኤስድሮስ መልሰው ያቀኑት ታች ቤት ተባለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ላይ ቤት። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩበት ስፍራ አለ፤ ልዩነቱም አልተደበቀም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ምነው ቢሉ» የሚለው አጠያየቅ ነው። ተቃዋሚው ስም የለውም፤ ቋሚ መቀመጫ ግን አለው። ተማሪው መልሱን በሚያጠናበት ትጋት የተቃዋሚውን ጥያቄም ያጠናል። ይህን የተማረ ሰው ሶዶ ላይ ክርክር ቢገጥመው የሚያስደነግጠው ጥያቄ ብዙ የሚኖር አይመስለኝም።

ስለ ሰማያት የተሠራው ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚናገረው በአክሲማሮስ ትምህርት መላእክት በነገድ 100፣ በከተማ 10 ናቸው፤ አራቱ ከተሞች ኢዮር በተባለው ሰማይ፣ ሦስቱ በራማ፣ ሦስቱ በኤረር። ሳጥናኤል ከነነገዱ ወደቀ፤ 99 ቀሩ። አሁን ወንጌሉን ክፈቱ፦ እረኛው 99 በግ ትቶ አንዱን ሊፈልግ ሄደ። ተርጓሚው 99ኙን በመላእክት፣ የጠፋውን አንዱን በአዳም ይመስላል። በሉቃስ 15 ቀጥሎ የምትመጣው ሴት ደግሞ 10 ድሪም አላት። ስለ አንዲት በግ የተነገረ የገበሬ ምሳሌ በድንገት ከኢዮር እስከ ምድር ያለውን ሁሉ ያቅፋል፤ የጌታ ሰው መሆን በቁጥር ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ቁጥሩ ከታሪክ ይገኝ አይገኝ ብሎ የሚጠይቅ ይጠይቅ፤ እኔ ግን ከዚህ የተዋበ የቁጥር ትርጓሜ አላውቅም።

እንከን የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ሄኖክ ሰምያዛን፣ አዛዝኤልን እያለ አለቆቹን በስም ሲጠራ፣ የሰማይ ትጉሃን ሲላቸው፣ የደብረ ቅዱስ ታሪክ ትንሽ ይጨንቀዋል። ይሁዳ በቁጥር 6 መኖሪያቸውን ስለተዉ መላእክት የጻፈውም እንዲሁ። መርማሪ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም።

ወደ ወላይታ ስንመለስ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። ገድለ ተክለ ሃይማኖት የጻድቁ እናት እግዚእ ኀረያ በዳሞቱ ንጉሥ በሞተለሚ ተማርካ ሳለ ቅዱስ ሚካኤል እንዳዳናት ይናገራል። ወላይታ ሞተለሚን ከነገሥታቱ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለሶዶ ኦርቶዶክሳዊ የመልአክ ታሪክ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። ለፕሮቴስታንት ጎረቤቱ ግን ገድል ማስረጃ አይሆንም። የእርሱ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሌላ ነው፦ የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ገቡ፤ በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው። መምህር በሌለበት ያደገው ያ ጉባኤ የተማረው ዋና ሙያ ጥቅስን በጥቅስ መፍታት ነው። ይህም ቢሆን ሙያ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። እንግዲህ ስለ መላእክት የተጀመረው ክርክር ሄዶ ሄዶ «መጻሕፍቱ 81 ናቸው ወይስ 66?» ላይ ይቆማል፤ ቡናውም ይቀዘቅዛል።

በዘፍጥረት 6 ላይ ግን መቆም የለበትም። በ66ቱ ብቻ የሚያምነው የጄኔቫው ካልቪንም እነዚያ ሰዎች የሴት ዘሮች ናቸው ብሎ ተርጉሟል። ጎንደርና ጄኔቫ ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል ማለት ነው። የዘፍጥረት አንድምታ ታትሞ በየመጻሕፍት መሸጫው ይገኛል። ከሁለቱም ወገን የሆናችሁ የሶዶ ተከራካሪዎች፣ ምዕራፍ 6ን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው «ቢሉ» ድረስ አብራችሁ አንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ተከራከሩ።