አፉንና እግሩን እዩ

ውጫሌ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የቆዳው ማማር አያታልለውም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ከዚያ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖች በቤታቸው የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ አኔሞኒ የተባለውን የባሕር እንስሳ ነጥቶ ሳለ አዳንን ብለው ሲያሳዩኝ እኔም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። አኔሞኒም አፍና እግር አለው።

በቀለም የሚጀምር ዳኛ ይሳሳታል። አኔሞኒ የሚነጣው በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት፣ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚቀልቡት ዙዛንቴላ የተባሉ ደቂቅ አልጌዎች ሲያልቁበት ነው። ሙቀት፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ብርሃን፣ የጉዞ ጨለማ ወይም የተዛባ ጨው አልጌዎቹን ያሳጡታል። ስለዚህ የነጣው አልሞተም፤ ተርቧል። ክፋቱ ነጭ ሆኖም ማማሩ ነው። ደማቅ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ የሚሸጠውማ ብዙ ጊዜ ነጥቶ ሳለ ቀለም የተነከረ ነው፤ እሱን ከነጭራሹ አለመግዛት ይሻላል።

እንስሳውን ከማየቴ በፊት ፓምፑን አያለሁ። ያልተመቸው አኔሞኒ ቦታ ፍለጋ ይንከራተታል፤ የፓምፑ መግቢያ በስፖንጅ ካልተሸፈነ ተስቦ ይቆራረጣል። ይህን ያሰበ ሰው ሌላውንም ያስባል። ከዚያ እግሩ፦ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አጥብቆ ከያዘ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። አፉ ግጥም ያለ መሆን አለበት፤ ተበርግዶ የውስጡ ሲወጣ ነገሩ ከፍቷል። አልፎ አልፎ መኮማተሩ ግን አያስደነግጥም። በበላበት አፍ ቆሻሻውን እያወጣ ነው፤ ያኔ በጣቱ የሚነካካ ባለቤት ከእኔ ነጥብ አያገኝም።

አመጋገቡ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ለተራበ እንስሳ ማዘን ያለ ነው፤ ሙሉ ሽሪምፕ አፉ ላይ ያስቀምጡለታል፣ እሱም ሌሊት ይተፋዋል፣ ውሃውም ይበላሻል። ጥሩ ባለሙያ ደቀቅ አድርጎ የከተፈውን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሰጣል፤ ቁራጩ የአኔሞኒው ጣቶች ላይ መጣበቁንም ልብ ይላል። ቀጥሎ ደብተሩን እጠይቃለሁ። ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ ጨው በኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ በየሳምንቱ ያው ከሆነ ደስ ይለኛል። አሰልቺ ደብተር የጥሩ እጅ ምልክት ነው። መብራቱም ደብዝዞ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ መጨመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሰማያዊው መብራት ይጥፋና ነጩ ይብራልኝ እላለሁ፤ የሚያበራው አረንጓዴ የእንስሳው የራሱ ቀለም ስለሆነ ነጥቶም ሊያበራ ይችላል። የምፈልገው ደብዛዛውን ቡኒ ነው። ባለቤቱ «ቆሸሸብኝ» ብሎ የሚያዝንበት ያ ቡኒ አልጌዎቹ እየበዙ መሆኑን ያሳያል። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በሳምንት ዳነ የሚለኝን አላምነውም።

በየቤቱ የሚወደደው፣ የጣቶቹ ጫፍ የሚያብጠው አኔሞኒ የቀይ ባሕርም ልጅ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከዚያ ከሰበሰባቸው እንስሳት ጋር እ.ኤ.አ. በ1828 ሎይካርት በተባለ ሳይንቲስት ተገልጿል። ሩፔል ራሱ በ1830 ከአኔሞኒ ጋር የሚኖረውን የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣ ገለጸ፤ ከዚያም ጎንደር ድረስ ዘልቆ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። በ2023 በመካከለኛው ቀይ ባሕር ውሃው ሲግል አኔሞኒዎቹ ነጡ፤ በሳይንቲስቶች ክትትል ሥር በነበሩት ሪፎች አብዛኞቹ አኔሞኒዎች፣ ክላውን ዓሦቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። እዚያ ሙቀቱን የሚቀንስ ባለቤት የለም።

ቤት ውስጥ ግን ክላውን ዓሣው የመጨረሻው ፈተና ነው። የሚያወጣው አሞኒያ ለአልጌዎቹ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲታሻሸው የደከመውን አኔሞኒ ያጎሳቁለዋል። ስለዚህ የማደንቀው ባለቤት ዓሣውን ለይቶ ያቆያል፤ ቡኒው ሞልቶ፣ እግሩ ጸንቶ፣ ምግብ አጥብቆ ሲይዝ ይመልሰዋል። አኔሞኒው በማግስቱ ተሸማቆ ካደረም ልጆቹ ቢያለቅሱም ዓሣውን መልሶ ያወጣል።