ያልተሰጠ ተግሣጽ፦ ወዳጅነትና ግዴታ በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሣር»

የወዳጅ ክህደት ሲነሣ በአማርኛ ቴአትር ተመልካች ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው ኢያጎ ሳይሆን አይቀርም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ከመለሰው ወዲህ ያ ታማኝ መሳይ የጦር ባልደረባ የእኛም ሰው ሆኗል። ለሂስ ግን ኢያጎ ብዙ አያስቸግርም። ጌታውን እንደሚጠላ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ በገዛ አፉ ስለሚነግረን ተመልካቹ ፍርዱን ለመስጠት አያመነታም። የሚያስቸግረው ሌላው የሼክስፒር ከሃዲ፣ ማርከስ ብሩተስ ነው። ብሩተስ የገደለውን ሰው ይወደዋል። ቅናት አይታይበትም፤ ሥልጣን አይቋምጥም። በተውኔቱ መጨረሻ ጠላቱ አንቶኒ ሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ ከሴረኞቹ መካከል ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የገባ እሱ ብቻ እንደ ነበር ይመሰክርለታል።

በዚህ የተነሣ «ጁሊየስ ቄሣር» ብዙ ጊዜ የሚነበበው የሁለት በጎ ነገሮች ግጭት ተደርጎ ነው። በአንድ ወገን ወዳጅነት፣ በሌላው ወገን የአገር ግዴታ ይቆማሉ፤ ብሩተስም ሁለተኛውን መርጦ ዋጋውን ከፈለ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። ተውኔቱ በቅርበት ሲነበብ ወዳጅነትም ግዴታም በአንድነት የሚጠይቁት አንድ ተግባር እንደ ነበረ ያሳያል፤ እሱም ቄሣርን ፊት ለፊት መገሠጽ ነው። ብሩተስ ይህን አላደረገም። ክህደቱ የተጀመረው ጩቤ ከመመዘዙ በፊት፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሦስት አጋጣሚዎች

ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ቶማስ ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1579 ወደ እንግሊዝኛ ካስገባው የፕሉታርክ የሕይወት ታሪኮች መጽሐፍ ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1599 ለንደን ውስጥ ሲታይ ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ መንገደኛ ተመልክቶ በማስታወሻው አስፍሮታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት ብዙ ተጽፏል። በመድረኩ ላይ ግን ብሩተስና ቄሣር ብቻቸውን ሆነው የሚነጋገሩበት አንድም ትዕይንት የለም።

ብሩተስ ቄሣርን ድምፁን አሰምቶ የሚያነጋግረው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ከሕዝቡ መካከል የተጣራው ማን እንደ ሆነ ቄሣር ሲጠይቅ፣ ጠንቋዩ ከመጋቢት አጋማሽ ቀን ተጠንቀቅ እንዳለው ብሩተስ ያደርስለታል። ማስጠንቀቂያው በኋላ በሚገድለው ሰው አንደበት ደረሰው ማለት ነው። በሁለተኛው ገቢር፣ በግድያው ዕለት ማለዳ፣ ቄሣር ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ እሱም ይነግረዋል። በሦስተኛው ገቢር እጁን እየሳመ ለአንድ ግዞተኛ ምሕረት ይለምነዋል፤ ይህ ልመና ሴረኞቹ ቄሣርን ከበው እንዲቀርቡት የተዘጋጀ ሰበብ ነው። መልእክት፣ ሰዓት፣ የሐሰት ልመና። የልብ ወዳጆች ናቸው በተባሉት በሁለቱ ሰዎች መካከል በተውኔቱ ውስጥ የምንሰማው ይኸው ብቻ ነው።

ከሦስቱ የማለዳው ትዕይንት ጠበቅ ተደርጎ ሊነበብ ይገባዋል። ቄሣር ሊወስዱት የመጡትን ሰዎች ወዳጆቼ ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ አብረውት ወይን እንዲቀምሱና እንደ ወዳጅ ተያይዘው እንዲሄዱ ይጋብዛቸዋል። ብሩተስ ይህን ሲሰማ ልቡ ይደማል። ወዳጅ መምሰልና ወዳጅ መሆን አንድ አለመሆናቸውን ለራሱ ብቻ ይናገራል፤ ቄሣር አይሰማም። በዚያች ቅጽበት አንድ ቃል ጮክ ብሎ ቢወጣ ነገሩ ሁሉ በተለወጠ ነበር። ሼክስፒር ቃሉን በብሩተስ አፍ አድርጎ ለተመልካች ያሰማውና ከቄሣር ጆሮ ይነፍገዋል።

ፍርዱ ቀድሞ፣ ምክንያቱ ተከትሎ

ብሩተስ በሌሊት በአትክልት ቦታው የሚያደርገው የብቻ ንግግር በብዙ ሐያስያን ዘንድ የኅሊና ትግል ማሳያ ነው። የንግግሩ አሠራር ግን ትግል አይመስልም። ሲከፈት ቄሣር መሞት እንዳለበት ወስኗል፤ ምክንያት መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሲፈልግም በእጁ ያለው ማስረጃ ጥቂት መሆኑን አይደብቅም። በግል ቄሣርን የሚጠላበት ነገር የለውም፤ የቄሣር ስሜት ከአእምሮው በልጦ ያየበት ጊዜም የለም። እንግዲያው ክሱ ባለፈ ሥራ ላይ ሊቆም ስላልቻለ ወደፊት ሊሆን በሚችል ነገር ላይ ይቆማል። ዘውድ ቢደፋ ይለወጥ ይሆናል፤ ስለዚህ በእንቁላሉ ውስጥ እንዳለ እባብ ሳይፈለፈል ይገደል ይላል።

ምክንያቱ ጸንቶ አለመቆሙ ደግሞ በኋላ ይታያል። በአደባባዩ ንግግር ላይ «ሊሆን ይችላል» የነበረው ነገር የተረጋገጠ ሆኖ ይቀርባል፤ ቄሣር የሥልጣን ጥመኛ ነበረና ተገደለ። በአራተኛው ገቢር፣ በድንኳኑ ውስጥ፣ ሦስተኛ ምክንያት ይጨመራል፤ ቄሣር የተገደለው ዘራፊዎችን ስለ ደገፈ ነው። አንድ ሞት ሦስት የተለያዩ ክሶች አገኘ። ግዴታ እውነተኛ ሲሆን ምክንያቱ እንደ አድማጩ አይለዋወጥም።

ሕዝቡ የሰጠው ምላሽ ይህን ያጠናክራል። ብሩተስ ከቄሣር ፍቅር ይልቅ የሮም ፍቅር እንዳመዘነበት ተናግሮ ሲጨርስ ከአድማጮቹ አንዱ ብሩተስ ራሱ ቄሣር ይሁን ብሎ ይጮኻል። ንጉሥ እንዳይነሣ ወዳጁን የገደለ ሰው በመጀመሪያ ያገኘው ሽልማት ያው የወዳጁ ወንበር ነበር። ብሩተስ ምን እንደ ሰማ አላስተዋለም።

በድንኳኑ ውስጥ

የዚህ ንባብ ዋና ማስረጃ የሚገኘው ብሩተስና የሴራ ጓዱ ካሲየስ በሚጣሉበት በአራተኛው ገቢር ነው። ብሩተስ ሉሲየስ ፔላ የተባለውን ሰው ከሰርዴስ ሰዎች ጉቦ በመቀበሉ ቀጥቶታል፤ ካሲየስ ለሰውየው ይቅርታ የጠየቀበት ደብዳቤ ችላ ተብሏል። ካሲየስ ተቆጥቶ ይመጣል። ብሩተስ በመጀመሪያ በሠራዊቱ ፊት መጨቃጨቅ እንደማይገባ ይነግረውና ወደ ድንኳኑ ያስገባዋል። ገመናን ከሰው ዓይን ሰውሮ መነጋገር በእኛም አገር ሽማግሌ የሚመክረው ነው። ከገቡ በኋላ ግን አይምረውም፤ እጅህ ጉቦ ይወዳል፣ ሹመት ትሸጣለህ ብሎ በፊቱ ይናገረዋል። ካሲየስ ወዳጅ የወዳጁን ጉድለት መሸከም አለበት ብሎ ያማርራል፤ ቆይቶም ደረቱን ገልጦ ጩቤውን ያቀርብለታል፣ ቄሣርን እንደ ወጋህ ውጋኝ ይለዋል። ብሩተስ ጩቤህን መልስ ይለዋል። እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ወይን ይቀርባል፤ ቂሙ በዋንጫው ይሰጥማል።

ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ለሰብአዊነቱ ነው። ከክህደቱ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ግን ክስ ይሆናል። ብሩተስ ወዳጅን መገሠጽ ያውቅበታል። ጥፋቱን ስሙን ጠርቶ መናገር፣ መቆጣት፣ ወዳጅነቱን ሳያፈርስ መታረቅ ይችላል። ካሲየስ በተጨባጭ ጉቦ ተጠርጥሮ ተግሣጽና ወይን አገኘ፤ ቄሣር ገና ላልሠራው ጥፋት ወይን ካቀረበ በኋላ ጩቤ አገኘ። ልዩነቱን ግዴታ የሚለው ቃል ብቻውን አያስረዳውም።

በትዕይንቱ ውስጥ ሌላም ስንጥቅ አለ። ብሩተስ ካሲየስን የሚከሰው በጉቦኝነት ብቻ አይደለም፤ ለሠራዊቱ ደመወዝ ወርቅ ጠይቆት እንደ ከለከለውም ያነሣበታል። እሱ ራሱ ከገበሬ ላይ ገንዘብ መንጠቅ ይጸየፋል፤ ካሲየስ በዚያው መንገድ ካገኘው ግን እንዲያካፍለው ይፈልጋል። እጁን ንጹሕ አድርጎ የሚያቆይለት የሌላ ሰው ቆሻሻ እጅ ነው። የሴራውም ታሪክ ይኸው ነበር።

ሼክስፒር የተወው ታሪክ

ታሪካዊው ብሩተስ ለቄሣር ያለበት ዕዳ ተውኔቱ ከሚያሳየው የከበደ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 በፋርሳሎስ ጦርነት ከፖምፔ ጎን ተሰልፎ ቄሣርን ወግቷል፤ ያውም ፖምፔ አባቱን ያስገደለ ሰው ሆኖ ሳለ። ስለዚህ መርሕን ከደም ማስቀደም ለብሩተስ አዲስ አልነበረም። ድል የነሣው ቄሣር ማረው፤ የጎል አውራጃ አስተዳዳሪ አደረገው፤ በ44 ደግሞ ከፍ ያለ የዳኝነት ሹመት ሰጠው። ሼክስፒር ምሕረቱን አላነሣም። ቢያነሣው ኖሮ ውለታው የብሩተስን ገጽታ ያጠቁረው ነበር።

ለቄሣር ይበልጥ የቅርብ ሰው የነበረው ግን ሌላው ብሩተስ፣ ዴሲመስ ነው። ዴሲመስ በጎል ዘመቻ የቄሣርን መርከቦች የመራ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱም ማሲሊያን በባሕር የከበበ የጦር ጓድ ነበር። ቄሣር በኑዛዜው ከተጠባባቂ ወራሾቹ መካከል ስሙን አስገብቶታል። በግድያው ዕለት ቤቱ ልቅር ያለውን ቄሣር አግባብቶ ያወጣውም እሱ ነው። ሼክስፒር ዴሲየስ ብሎ ይጠራውና ይህን ማግባባት ያቆይለታል፤ የቄሣር ሚስት ካልፐርኒያ ያየችውን የደም ሕልም ወደ ምሥራች የሚተረጉመው እሱ ነው። የዓመታት ጓድነቱን ግን አያነሣም። «ወዳጅ ይመጣል ከራያ፣ ጠላት ይወጣል ከጉያ» የሚለው የአገራችን አባባል ለዴሲመስ የተነገረ ይመስላል። ለብሩተስ ግን አይበቃውም፤ ብሩተስ ጠላት ሳይሆን ነው የወጋው።

ከግድያው ሁለት ዓመት በኋላ ብሩተስ ባስመታው የብር ሳንቲም አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጩቤዎችና የነጻነት ቆብ፣ ከሥራቸውም የግድያው ቀን ይታያሉ። በሌላው ገጽ ላይ ያለው የብሩተስ የራሱ መልክ ነው። በሕይወት ሳለ መልኩን በሮም ሳንቲም ላይ በማስቀረጽ የታወቀው፣ በዚህም የንጉሥነት ምኞት አለበት ተብሎ የታማው ቄሣር ነበር።

አንቶኒና ማቲየስ

ወዳጅነት ብቻውን ይበቃ ነበር የሚል ካለ ሼክስፒር አንቶኒን ያሳየዋል። የአንቶኒ ኀዘን እውነተኛ ነው፤ ከሬሳው ጋር ብቻውን ሲቀር የሚናገረውን የሚሰማው የለምና። በዚያው እንባ ውስጥ ግን ኢጣሊያ በጦርነት እንድትነድ ይመኛል። ቄሣር ለእያንዳንዱ ዜጋ 75 ድራክማ መናዘዙን ለሕዝቡ አንብቦ ከተማዋን ያቃጥላል፤ ሲና የተባለ ባለቅኔ በስሙ ብቻ ተይዞ ይገደላል። በሚቀጥለው ገቢር አንቶኒ ያንኑ ኑዛዜ የሚቀንስበትን መንገድ ሲፈልግ፣ በሚገደሉት ሰዎች ዝርዝር ላይም የእኅቱን ልጅ ስም በብዕር ነጥብ ሲኰንን እናገኘዋለን። ግዴታ የጎደለው ወዳጅነት ከብሩተስ ጩቤ ያነሰ ደም አላፈሰሰም።

ሦስተኛ መንገድ መኖሩን የሚመሰክረው ከተውኔቱ ውጭ የቀረ ሰው ነው። የቄሣር ወዳጅ ጋይየስ ማቲየስ በ44 ለሲሴሮ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም በሲሴሮ ደብዳቤዎች መካከል ይገኛል። ማቲየስ የእርስ በርስ ጦርነቱን አልወደደውም፤ ወዳጁን ግን አልተወም፤ ከድሉም ሹመትና ሀብት አልሰበሰበም። እንዲያውም በቄሣር ሕግ ንብረቱ ተጎድቷል። ወዳጁ ሲሞት በማዘኑ ሰዎች ነቀፉት፤ አገር ከወዳጅ ትቀድማለች አሉት። የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የቄሣር ሞት ለአገር እንደ ጠቀመ አስቀድመው ያስረዱ መሰላቸውን? ደግሞም ባሪያ እንኳ በራሱ ፈቃድ ማዘን አይከለከልም ይላል። በዚያው ዓመት ሲሴሮ ስለ ወዳጅነት በጻፈው ድርሳኑ ወዳጅን አሳፋሪ ነገር አለመጠየቅ፣ ሲጠየቁም አለማድረግ ይገባል የሚል ሕግ አኑሯል፤ ወዳጅን በግልጽ መምከርንም ከወዳጅነት ግዴታዎች ቈጥሮታል።

መቃወሚያና ፍርድ

የዚህ ንባብ ጠንካራ መቃወሚያ ከተውኔቱ ራሱ ይመጣል። የቄሣርን ምስሎች ጌጥ የገፈፉት ማሩለስና ፍላቪየስ አፋቸው ተዘግቷል። ፊት ለፊት የተናገረ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ተግሣጽ ምን ይፈይዳል? መቃወሚያው ክብደት አለው፤ ካሲየስ ቢያቀርበው ኖሮ መልስ ይጠፋ ነበር። ብሩተስ ግን አላቀረበውም። በሌሊቱ ንግግሩ ውስጥ ቄሣር አይሰማኝም ወይም ይገድለኛል የሚል ሐሳብ አናገኝም። መገሠጽን መዝኖ አልጣለውም፤ ጨርሶ አላሰበውም። ሞክሮ ተንቆ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በእርግጥ በወዳጅና በአገር መካከል የቆመ ሰው እንለው ነበር።

በፊሊጲ ተሸንፎ ለመሞት ሲወስን ብሩተስ ሰይፉን እንዲይዝለት የትምህርት ቤት ጓደኛውን ቮሉምኒየስን ይለምነዋል። ቮሉምኒየስ ይህ የወዳጅ ሥራ አይደለም ብሎ እምቢ ይለዋል። ብሩተስ በቄሣር ማለዳ ለራሱ ሊለው የሚገባውን ቃል የሰማው ከሌላ ሰው፣ ለራሱ ሞት፣ ዘግይቶ ነው። የተውኔቱ ፍርድም እዚህ ላይ ነው፤ ወዳጁን ሳይገሥጽ ለአገሩ ሲል የገደለ ሰው ከወዳጁም ከአገሩም ሳይሆን ይቀራል። ግዴታ ወዳጅን እስከ መቃወም ሊያደርስ ይችላል፤ ግዴታ ነው ለመባል ግን መጀመሪያ ፊት ለፊት መነገር አለበት።