ቆርጦ መቀጠል፤ ከቪዲዮ ተቆርጦ ስለሚሠራ የጂፍ ሥዕል የቀረበ ሒስ

ከቪዲዮ ላይ ጥቂት ሰኮንድ ቆርጦ በሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም አማካይነት ጂፍ የተባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥራት ዛሬ ለማንኛውም ተማሪ የአንድ ምሽት ትምህርት ነው። የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን የሚያስረዳ መመሪያ ሞልቷል። ዳሩ ግን ሥራው ከየት ተጀምሮ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት፤ ተቆርጦም ሲወጣ ስለ ታየው ሰው እውነት መናገር አለመናገሩን የሚመረምር ጽሑፍ እምብዛም አላጋጠመንም። ቋንቋችን የሰውን ነገር የሚያጣምመውን «ቆርጦ ቀጥል» ብሎ ይጠራዋል። ይህ ስም ለያዝነው ሥራ ምን ያህል እንደሚስማማው፤ ከስሙም ለመዳን ምን ማድረግ እንደሚገባ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ስለ ጂፍ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጂፍ በ1987 እ.ኤ.አ. ኮምፑሰርቭ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስቲቭ ዊልሃይት መሪነት የወጣ የሥዕል ማስቀመጫ ዘዴ ነው። ዓላማውም ባለ ቀለም ሥዕልን በዘመኑ ቀርፋፋ የስልክ መስመር ማስተላለፍ ነበር። በ1989 የተሻሻለው ደንብ እያንዳንዱ ነጠላ ሥዕል፤ ማለት ፍሬም፤ ስንት መቶኛ ሰኮንድ እንደሚቆይ ለመወሰን አስቻለ። ሳያቋርጥ እየተመለሰ መደጋገሙ ግን በደንቡ ያልነበረ፤ ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ በ1995 የጨመረው ነው። ድምፅ ከመጀመሪያውም እስከ ዛሬ የለውም። እንግዲህ ጂፍ ድምፅ አልባ፤ ቀለመ ጥቂትና ማብቂያ የሌለው ነው ልንል እንችላለን።

አሠራሩን በፎቶሾፕ እንመልከት። ቪዲዮው ፍሬሞችን ወደ ሌየር በሚለውጠው ትእዛዝ ሲገባ ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው መነሻና መድረሻው የት እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ፍሬሞቹ ሁሉ ይወሰዱ ወይስ ከየስንቱ አንድ የሚል ነው። ጊምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራምም ፍሬሞቹ አስቀድመው ከቪዲዮው ወጥተው ይገባሉ እንጂ ምርጫው ያው ነው። በሰኮንድ 25 ፍሬም ካለው ቪዲዮ 3 ሰኮንድ ብንቆርጥ 75 ፍሬም እናገኛለን። ይህ ሁሉ ሲቀመጥ ፋይሉ እጅግ ስለሚከብድ ብዙ ሰው ከየሁለቱ አንዱን ይወስዳል። በመነሻው እያንዳንዱ ፍሬም የሚቆየው 4 መቶኛ ሰኮንድ ስለ ነበረ፤ ግማሹ ሲጣል የቀሩት እያንዳንዳቸው 8 መቶኛ ሰኮንድ መቆየት አለባቸው። ሠሪው 4 ላይ የተወው እንደ ሆነ ሰው ሁሉ በእጥፍ ፍጥነት ይወራጫል፤ በክብር ይራመድ የነበረው ሽማግሌ እንደ አሻንጉሊት ይንቀጠቀጣል። ተመልካቹ በሽማግሌው ይስቃል፤ ጥፋቱ ግን የሠሪው ነው።

ስለ ቀለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአንድ የቀለም ሰንጠረዥ ውስጥ ከ256 የሚበልጥ ቀለም አይገባም። ፕሮግራሙ እነዚህን ሲመርጥ በአመዛኙ በሥዕሉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ለያዘው ነገር ያደላል። ስለዚህ ከሰውዬው ኋላ ሰፊ ሰማይ ወይም ባለ ብዙ ቀለም መጋረጃ ያለ እንደ ሆነ ቀለሙ ለእርሱ ይባክንና ለጠይም ፊት የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። በጉንጭና በግንባር ላይ የነበረው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ጠፍቶ ፊቱ የጭቃ ምርጊት ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀለሙ ከመቀነሱ በፊት ዙሪያውን ከርክሞ ፊቱን ማቅረብ፤ ቀጥሎም ቀለማትን በነጠብጣብ የሚያዋሕደውን ዲተር የተባለውን ምርጫ በልክ መጠቀም ነው። ይህን የማያደርግ ሠሪ ሰነፍ እንጂ ክፉ አይባልም፤ ነገር ግን የስንፍናው ዋጋ የሚከፈለው በሌላ ሰው ፊት ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የእጅ ሥራውን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመነሻና የመድረሻው ምርጫ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ከጂፍ ዘጠና ዓመት ያህል ቀድሞ የተሠራ ፊልም ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በነበረው የኤዲሰን ቤተ ሙከራ፤ ዊልያም ዲክሰን ፍሬድ ኦት የተባለውን የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ ሱረት ስቦ ሲያነጥስ ቀረጸው። ፊልሙ አምስት ሰኮንድ ያህል የሚሆን፤ ድምፅ የሌለውና አንድ ድርጊት ብቻ የያዘ ስለ ሆነ ዛሬ ቢሠራ ጂፍ በተባለ ነበር። ለባለቤትነት መብት ምዝገባ በወረቀት ታትመው የቀረቡት ፍሬሞች 45 ሲሆኑ፤ ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት በመጋቢት ያተማቸው ግን 81 ነበሩ። ከ45ቱ የተሠራውን ፊልም ያየ ሁሉ ኦት አንድ ጊዜ እንዳነጠሰ ያውቅ ነበር። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ሁሉንም ፍሬሞች አሰባስቦ ባንቀሳቀሳቸው ጊዜ ግን ኦት ሁለት ጊዜ ማነጠሱ ታየ። 36 ፍሬም ስለ ጎደለ ብቻ የተፈጸመው ነገር እንዳልተፈጸመ ሆኖ ኖረ። ማንም ሊዋሽ አልተነሣም፤ መቁረጡ ብቻውን በቃ።

ማነጠስ ማንንም አያዋርድም። እኛ ራሳችን የሠራነው ግን ሌላ ነው። በተማሪዎች ክርክር ላይ አንድ ጓደኛችን ለተቃዋሚው መልስ ሊሰጥ ተነሥቶ፤ ሐሳቡን ለመሰብሰብ ዓይኑን ከድኖ አፉን ከፈት አድርጎ ሁለት ሰኮንድ ያህል ዝም አለ። ከዚያም ከዕለቱ መልሶች ሁሉ የተሻለውን ሰጠ። እኛ ከቪዲዮው ላይ ሁለቱን ሰኮንድ ብቻ ቆርጠን፤ መደጋገሚያውን «ለዘላለም» በሚለው ላይ አድርገን በቴሌግራም ላክነው። መልሱ ተቆርጦ ቀረ፤ ዝምታው ማለቂያ አጣ። ጓደኛችን ወደ ምግብ አዳራሽ ሲገባ አፋቸውን ከፍተው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ተማሪዎች ተቀበሉት፤ በሚቀጥለውም ክርክር ስሙን አላስመዘገበም። ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ሥዕሉን ግን ከደረሰበት ሁሉ ልንሰበስበው አልቻልንም። በዚያ ሥራ ውስጥ ሐሰተኛ የሆነ ፍሬም አንድም አልነበረም፤ ጠቅላላው ግን ሐሰት ነበር።

«ቀልድን እንደ ቀልድ መውሰድ ነው እንጂ ነገሩን እንዲህ ማክበድ ምን ያስፈልጋል?» የሚለን አይጠፋም። እኛም ቀልድ ይቅር አላልንም። ነገር ግን ጂፍ በጠባዩ ጥቅስ ነው። ከመጽሐፍ የጠቀሰ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ከመካከል ቆርጦ የደራሲውን ሐሳብ ቢገለብጥ መምህሩ አያልፈውም። እንዲያውም የጂፍ ይብሳል። ከመጽሐፍ የተጠቀሰውን የሚጠራጠር ሰው ገጹን ገልጦ ማረጋገጥ ይችላል፤ ጂፍ ግን ምንጩን ይዞ አይዞርም። ደግሞም መደጋገሙ የአንድ ጊዜውን ድርጊት ልማድ ያስመስለዋል፤ አንዴ የተሰናከለ ሰው ሁልጊዜ ተሰናካይ ሆኖ ይቀራል።

መደጋገም የሚያምርበት ቦታ አለ። በዘፈን ውስጥ አዝማቹ የሚመለሰው ግጥሙ መመለሱን ስለሚፈልገው ነው። እንደዚሁም በተፈጥሮው የሚመላለስ ነገር፤ የሸማኔ መወርወሪያ፤ የሞተር ፒስተን፤ የልብ ምት፤ በጂፍ ቢሠራ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ስለሚገጥም መቆረጡ አይታወቅም። የሸማኔውን እጅ አሥር ጊዜ ያየ ሰው በመጀመሪያው ያላስተዋለውን በአሥረኛው ያስተውላል። የጓደኛችንን ዝምታ አሥር ጊዜ ያየ ሰው ግን የሚጨምረው ሳቅ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ስለዚህ ሠሪው ሥራውን ከመላኩ በፊት የቆረጠውን ከሙሉው ቪዲዮ ጋር አስተያይቶ፤ የታየው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቢያየው «ይህ እኔ ነኝ» ይል እንደ ሆነ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል። እኛ በዚያን ጊዜ መድረሻውን በአንድ ሰኮንድ፤ ማለት በ25 ፍሬም ብቻ ብናርቀው ኖሮ፤ ጓደኛችን ዓይኑን ገልጦ፤ እጁን አንሥቶ፤ መናገር ሲጀምር በታየ ነበር።