ከሶፍትዌሩ በፊት ሥዕሉ ይመርመር

የጤና ተቋማት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገሩ የመዝገቡን ዓምዶች እንዳሉ ወደ ስክሪን መገልበጥ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ ልማድ ነው። የመዝገብ ዓምድ ምን እንደሚጻፍ ያሳያል እንጂ በሥራው ውስጥ ያሉት ነገሮች እንዴት እንደሚዛመዱ አያሳይም።

ፒተር ቼን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የነገሮችና የግንኙነቶች ሞዴል ለዚህ ይረዳል። ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ታካሚ፣ ቤተሰብ፣ አድራሻና ቀጠሮ በየሣጥናቸው ተሥለው በመስመር ይያያዛሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ ለምሳሌ አንድ ታካሚ ስንት አድራሻ ሊኖረው ይችላል? የሶፍትዌሩ መስፈርት የሚገኘው ከመልሱ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የእንጦጦ ተራሮች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ጸበል ፍለጋ ከሩቅ የሚመጡ ሕሙማን በዚያ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያሉ፤ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም ይገኙባቸዋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱንና ጸበሉን አጣምሮ መውሰድ እንደሚቻል ማሳሰባቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ የጸበልተኛው ቤት ሌላ፣ ማደሪያው ሌላ ነው። አድራሻ አንድ ዓምድ ብቻ ከሆነ አዲሱ ሲጻፍ የቀድሞው ይጠፋል፤ ካልተጻፈ ደግሞ ቀጠሮ ያለፈበትን ታካሚ የሚፈልገው ባለሙያ ባዶ ቤት ያንኳኳል፤ በሕይወት ያለውም ሰው «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል። መነሻው ቤተሰብ የሆነው የጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ ማኅደርም ብቻውን ይህን ክፍተት አይሞላም። አድራሻ ራሱን የቻለ ሣጥን ሆኖ «ከመቼ እስከ መቼ» ሲጨመርበት ግን መስፈርቱ ግልጽ ይሆናል።

ቀንም እንዲሁ ነው። አዋላጅ ነርስ የመውለጃ ቀን ስታሰላ በእኛ አቆጣጠር በመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ትደምራለች፤ ጳጉሜን በመካከል ካለፈች 10ሩ ወደ 5፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ወደ 4 ይወርዳል። ሞዴሉ የዘመን አቆጣጠሩን ካልለየ ስሌቱ ይዛባል።

በእርግጥ ሣጥን ማብዛትም ጉዳት አለው፤ ሥራ የበዛበትን ባለሙያ በመረጃ መሙላት ያደክማል። ስለዚህ ለሕክምናም ሆነ ለክትትል ውሳኔ የማይጠቅም ሣጥን መሣል የለበትም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ ፕሮግራመሩ ብቻውን ሳይሆን ነርሷ፣ አዋላጇና የካርድ ክፍል ሠራተኛው ናቸው። ሶፍትዌሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሥልጠና ላይ ከመጥራት ይልቅ፣ ገና ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሳለ እንዲያርሙት ይቅረብላቸው።