የሁለት ጣት ሥራ

እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። አንዲት ፍሬ አምልጣ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ከእግሯ ሥር የተቀመጠችው የ11 ወር ልጄ አየቻት። መዳፏን አልዘረጋችም። ሦስቱን ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋ ሌባ ጣቷን ብቻ ቀሰረችና ወደ ፍሬዋ አወረደች። አውራ ጣቷ ከጎን መጣች፤ ጫፍና ጫፍ ተገናኙ። ትንፋሿን ውጣ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ፣ ምስሯን ከምንጣፉ ክሮች መሐል ነቅላ አነሳቻት። ወደ አፏ ልታደርሳት ስትል እጇን ያዝኩት፤ ጥሬ ፍሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራልና በዚህ ዕድሜ ከልጅ ላይ ዓይን መንቀል አይገባም። ያየሁት ነገር ግን እስከ ማታ ከሐሳቤ አልወጣም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለማጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የሚሠሩትን ጣቶች ሳይሆን የማይሠሩትን ነው። ጀማሪ መርፌ ሲይዝ አምስቱም ጣቶቹ ይሻማሉ፤ ትንሿ ጣት እንኳ ሳትጠራ ትመጣለች። እጁ የተፈታ ሰፊ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያሠራና የቀሩትን ከመንገድ ያስወጣል። ይህችን ነገር ለአዋቂ ሰው ለማስያዝ ወራት ይፈጅብኛል። ልጄ ሦስቱን ጣቶቿን ያጠፈችው ማንም ሳያሳያት ነው።

እርግጥ እሷም ወራት ፈጅታበታለች። በተወለደች ሰሞን ጣቴን መዳፏ ላይ ሳኖር ጥፍንግ አድርጋ ትይዘኝ ነበር። አራስ ሕፃን ሁሉ እንዲሁ ሳያስብ ይጨብጣል፤ ያ መጨበጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል፤ እጁም ከእንግዲህ በፈቃዱ መያዝን ከሀ ይጀምራል። ልጄ በ6 ወሯ ያገኘችውን ሁሉ በመዳፏ ታፍስ ነበር። ቀጥሎ እንደ ዶሮ መጫር መጣ፤ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ወደ ራሷ ትጎትታለች፤ ከአምስት ጊዜ አንዴ የሆነ ነገር ይቀርላታል። 10ኛው ወር ላይ ሌባ ጣቷ ከእህቶቿ ተለየች። ያን ሰሞን ቀዳዳ የተባለ ሁሉ ተፈተሸ፤ የሸሚዜ ቁልፍ ቀዳዳ፣ የመሶቡ ስፌት፣ የአያቷ ጆሮ። ከሁሉ በላይ የወደደችው የእንጀራ ዓይን ነበር። አንድ ቁራጭ እንጀራ ፊቷ ሲቀመጥላት ሳትበላው ዓይን በዓይን ትዳስሰው ነበር።

የሚያስገርመኝ ይህ ሁሉ የሚሠራው ገና ባልተጠናቀቀ መሣሪያ መሆኑ ነው። የአዋቂ እጅ 27 አጥንቶች አሉት፤ ከነዚህ 8ቱ አንጓው ላይ ያሉት ጠጠር መሳይ ናቸው። ልጅ ሲወለድ ግን እነዚህ ስምንቱ ገና አጥንት አልሆኑም፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት መጠንከር የሚጀምሩት በአብዛኛው ሁለቱ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ ልጁ ፊደል ቆጥሮ ትምህርት ቤት ከገባ ከዓመታት በኋላ ትደርሳለች። ጣቶቹን የሚያጥፉት ትልልቆቹ ጡንቻዎችም ጣት ላይ የሉም። ክንድ ላይ ተቀምጠው በረጅም ጅማት ይስባሉ። ልጄ ምስሯን ስትቆነጥጥ ክንዷን ብይዘው ኖሮ ጡንቻው ከቆዳዋ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር።

ልጅ ተነሥቶ ሲቆም "ወፌ ቆመች!" እያልን እናጨበጭባለን፤ ጎረቤት ይጠራል። ለዚህች ቁንጠጣ ግን ማንም አላጨበጨበም። እኔ ብጠየቅ ከመቆሟ አስበልጣታለሁ። መቆምን ብዙ እንስሳ ገና በተወለደበት ቀን ይችለዋል።

ደግሞ ከመያዝ የሚከብድ ሥራ አለ። መልቀቅ። ይህን ያየሁት "ስጪኝ" ስላት ነው። ማንኪያውን ትዘረጋልኛለች፣ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጣቶቿ ግን አይፈቱም። ፊቴን ታያለች፣ እጇን ታያለች፣ ግራ ይገባታል። ስስት መስሎን ነበር። ስስት አልነበረም፤ ልቧ ሰጥቶ ጣቶቿ ገና አልሰሙም ነበር። መወርወር ቀድሞ መጣላት፤ ለቀናት ቤቱ ውስጥ ሳይወረወር የቀረ ዕቃ አልነበረም። በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ሰዓት፣ ሳይወረውሩ ቀስ ብሎ ማኖር ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በእኔም ሙያ እንዲሁ ነው፤ ጨርቁን ከመያዝ ይልቅ መርፌው ሲወርድ በልኩ ማላላት ነው ስፌቱን የሚያቀናው።

አሁን 16 ወሯ ነው። ትሪ ፊት ስትቀመጥ እንጀራውን በግራዋ ተጭና በቀኟ ትቦጭቃለች። አንዳንዴ ግራዋ ሥራውን ሊወስድ ሲል እናቴ "በቀኝሽ እንጂ፣ የኔ እናት" ትላታለች። የቦጨቀችው ጠርዙ የተንጨፈረረ ነው፤ መጠኑም አንዴ የጥፍር ያህል፣ አንዴ የመዳፏ ያህል ይሆናል። ሽሮው ላይ ታሳርፈዋለች። መጠቅለሉን አላወቀችውም፤ ትጫነዋለች። ሽሮው ከሁለቱ ጣቶቿ መሐል ሲያመልጣት ቆም ብላ ታየዋለች፣ እንደገና ትጫነዋለች። አትቸኩልም። ስትሠራ አይናገሯትም።

ባለፈው እሑድ ያን የተጫነ ቁራሽ ወደ አፏ አልወሰደችውም። ትሪውን ተደግፋ ተነሣች፤ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋችልኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁለቱ ጣቶች ከንፈሬ ድረስ መጡ፤ ቆሙ፤ ተፈቱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ተቀምጣ ቦጭቃ ሠራችልኝ።