ዘፈኑን ማን ጨመረው?

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ «ሜሎድራማ» የምትባል ዱላ ነበረችኝ። ተማሪ የጻፈው ተውኔት እንባ ሲበዛበት፣ ወይም መሀል ላይ ዘፈን ጣል ሲደረግበት፣ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሜሎድራማ!» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። አንድ ቀን አንዷ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «መምህር፣ ቃሉ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። በግሪክኛ «ሜሎስ» ዜማ፣ «ድራማ» ደግሞ ድርጊት ነው አልኳት። «ታዲያ ዜማ ያለበት ድርጊት ምኑ ነው ስድብ?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ለንደን መሄድ ያስፈልጋል። መድረክ ላይ መቀለጃ መሆን የሰለቸው ሮበርት ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1737 ጥብቅ የቴያትር ሕግ አስወጣ። በዚህም የተነሳ በንግግር የሚቀርብ ተውኔት ንጉሣዊ ፈቃድ የያዙት የድሩሪ ሌንና የኮቨንት ጋርደን ርስት ሆነ፤ ኋላ ሔይማርኬት ለበጋው ወራት ተጨመረ። ሌሎቹስ? ይዝፈኑ፣ ይጨፍሩ፣ በምልክት ይግባቡ፤ ብቻ እንደ ሰው አይናገሩ!

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። ይህ ሁሉ ሰው ሁለት አዳራሽ አይበቃውም። ከቴምስ ወንዝ ማዶ እነ ሰሪ፣ በ1818 የተከፈተው ኮበርግም (የዛሬው ኦልድ ቪክ)፣ ለሠርቶ አደሩ ተውኔት ማሳየት ፈለጉ። መላውም ተገኘ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዥግራ ይሏታል እንዲሉ፣ ተውኔቱን «በርሌታ» አሉት። ሙዚቃ ከታጀበበትና ዘፈን ጣል ጣል ከተደረገበት፣ ሕግ አስከባሪው እንደ ተውኔት አይቆጥረውም። ሮበርት ኤሊስተን በ1809 የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ሳይቀር በሙዚቃና በእንቅስቃሴ አቀረበው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ምሁራን ነን ባዮች «ተመልካቹ ዘፈንና ጭፈራ ስለሚወድ ቴያትሩ ረከሰ» እንላለን። ለንደን ላይ ግን ጭፈራውን በግድ ያስገባው ሕግ ነው። አፉን የተያዘ ሰው በእጁ ሲያወራ «ምነው እጁ በዛ» ብለን እንደ መውቀስ ነው።

ሁሉንም በሕግ ላይ ማላከክም ግን ሐቅ አይሆንም። «ሜሎድራማ» የሚል ስም ይዞ እንግሊዝ መድረክ ላይ የወጣው የቶማስ ሆልክሮፍት ተውኔት በ1802 የታየው በዚያው ባለፈቃዱ ኮቨንት ጋርደን ነው፤ ያውም ከፈረንሳይ የተወሰደ። ባለፈቃዶቹ አዳራሻቸውን ከ3 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ አድርገው ስለሠሩት፣ ከኋላ ለተቀመጠው የተዋናዩ ቃል አይደርሰውም። ዜማና ትርዒት ግን ይደርሰዋል። በ1811 ኮቨንት ጋርደን መድረክ ላይ ፈረስ አወጣ። የሼክስፒር ጠባቂ ነኝ ያለው ቤት ማለት ነው!

ፓሪስም እንዲሁ ነበረች። በ1855 ኦፈንባክ ትንሽ ቴያትር ሲከፍት፣ ፈቃዱ የሚናገሩትን ገጸ ባሕርያት ቁጥር በጣት የሚቆጠር አደረገበት። እሱም በ1857 በ«ክሮክፌር» አንድ ትርፍ ሰው ጨመረ፤ ምላሱን የተቆረጠ፣ በጽሑፍ የሚያወራ! ገደቡ ራሱ ቀልድ ሆነለት።

በ1843 የለንደኑ የንግግር ርስት በሕግ ተሻረ። ዘፈኑ ግን ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። ሰዉ ለምዶታል ብቻ አይደለም፤ ንግግር የማይሠራውን ሥራ መሥራት ተምሯል።

የእኛን አስቡት። ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዜማን ከተውኔት ሲያዋሕድ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ተውኔትን ከሙዚቃና ከውዝዋዜ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያኖር፣ የለንደኑ ዓይነት ሕግ አላስገደዳቸውም። ቃልና ዜማ እኛ ዘንድ ድሮም ጎረቤት ናቸው። እኔ ግን ከመጻሕፍት የለቀምኩትን ንቀት ይዤ፣ እስክስታ ባየሁ ቁጥር አፍንጫዬን ስነፋ ኖርኩ።

እንግዲህ የሐያሲ ጥያቄ «ዘፈን አለበት ወይ?» ሊሆን አይገባም። ዘፈኑን አውጥታችሁ እዩት። ምንም ካልጎደለ ጌጥ ነበር፤ ይቅር። ትዕይንቱ ከሽባነት ካልዳነ ግን ዘፈኑ ራሱ ተውኔት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠይቃል።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ያቺ ልጅ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ብታነብልኝ፣ ስድብ አይደለም እላታለሁ። ተውኔትሽ ደካማ ይሁን ጠንካራም ልነግርሽ አልችልም፤ ዘፈኑ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ነበርና።